ወረቀቱ ላይ እኔ የለሁም

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሩጫ ነው። ‹‹የመጋቢ ሚስት ከሩጫ ጋር ምን አገናኛት?›› እንደምትሉ እገምታለሁ። እውነት ነው፤ እኔ ታክሲ ሊያመልጠኝ ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም። ነገር ግን ታገሡኝ፤ ጉዳዩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ትዳር ላይ ነው።

ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ለንደን በተጋበዘ ጊዜ አብሬው ሄጄ ነበር። ወሩ የካቲት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ከሰዓት በኋላ ገና በጊዜ ይጨልማል። ያረፍነው በዚያ ባለ የአማርኛ ኅብረት ውስጥ በሚያገለግሉ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ‹‹ለሌሎች ትምህርት ይሆናል›› ብለው ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠቅስም። እርሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እርሷ አረጋውያንን በመንከባከብ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው። በኅብረቱ እርሱ ኪቦርድ ይጫወታል፤ እርሷ የሰንበት ትምህርት ልጆችን ታስተምራለች።

ገና ወጥ ቤት እንደገባሁ ዓይኔ ፍሪጁ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ አረፈ። በሠንጠረዥ ተከፋፍሎ 16 ሳምንታት ተዘርዝረውበታል። የዚያ ሳምንት ረድፍ እንዲህ ይላል፦ ሰኞ ዕረፍት፣ ማክሰኞ 6 ኪሎ ሜትር፣ ረቡዕ 10፣ ዓርብ 6፣ እሑድ 19። ያለፉት ሳምንታት በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል።

‹‹የልጆቹ የትምህርት ፕሮግራም ነው?›› ብዬ ጠየቅኋት።

‹‹አይ፣ የእርሱ ነው እትዬ። ሚያዝያ ላይ ማራቶን ይሮጣል›› አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ነገር ሰማሁ፤ ግን እንግዳ ነኝና ዝም አልኩ።

ማራቶን የማን ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን ማራቶን ሲባል ቶሎ የሚታወሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ነው። ወይም እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ በኦሎምፒክ ማራቶን የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ፋጡማ ሮባ ናት። ለእኛ ማራቶን የጀግኖች ነው፤ የእኛ ድርሻ በቴሌቪዥን እያየን ማልቀስ ነው።

በለንደን ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የለንደን ማራቶን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ወር በእሑድ ቀን ይካሄዳል። ከፊት ታላላቆቹ ይሮጣሉ። የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2001 አሸንፋበታለች፤ ትዕግሥት አሰፋም እ.ኤ.አ. በ2025 በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አሸንፋበታለች። ከኋላቸው ግን መምህሩ፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው፣ ሹፌሩ በአሥር ሺዎች ሆነው ይከተላሉ። ለመሮጥ የሚፈልገው ሰው ከቦታው ስለሚበልጥ ዕጣ ይወጣል፤ ለ2025ቱ ውድድር ብቻ ከ840 ሺህ በላይ ሰዎች አመልክተው ነበር። ዕጣ ያልወጣላቸው ደግሞ ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ለማሰባሰብ ቃል ገብተው በድርጅቱ ስም መሮጥ ይችላሉ። የእኛ ወንድም ቦታ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የትኛው ድርጅት እንደሆነ ግን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም ነበር። እርሷም አልጠየቀችውም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወረቀቱ ምን ይላል?

የመጀመሪያው ማታ እራት ላይ ስለ ወረቀቱ ጠየቅሁት። ፊቱ በራና እየዘረዘረ አስረዳኝ። ብዙ ነገር ተማርኩ።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ለውድድሩ የሚዘጋጅ ሰው ግን ከውድድሩ ቀን በፊት ያንን ሁሉ አይሮጠውም። ረጅሙ ሩጫ በሳምንት አንድ ቀን ይደረጋል፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨመረበት እስከ 30 ወይም 32 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ደግሞ ሰውነት እንዲያገግም ርቀቱ ይቀነሳል። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ልምምዱ እያነሰ ይሄዳል። ‹‹ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው፤ ዕረፍቱን ስንፍና እየመሰለው ይጨምርበታል›› አለኝ። ጡንቻ በሩጫ ይደክማል እንጂ አይጠነክርም፤ የሚጠነክረው ከሩጫው በኋላ ሲያርፍ ነው።

ሌላው ያስገረመኝ፣ አብዛኛው ልምምድ የሚሮጠው በቀስታ መሆኑ ነው። መለኪያውም ቀላል ነው፤ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል።

ሦስተኛው ነገር ሯጮቹ ‹‹ግድግዳው›› የሚሉት ነው። ሰውነታችን በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚያከማቸው ስኳር የተወሰነ ነው። ብዙ ሰው 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ያልቅበታል፤ ያን ጊዜ እግር እንደ እርሳስ ይከብዳል፣ ሐሳብ ይበተናል። ስለዚህ ሳይርብ መብላት፣ ከመነሻውም አለመፍጠን ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በሕዝቡ ጭብጨባ ተገፋፍቶ የሮጠ ሰው በመጨረሻዎቹ ይከፍላል። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል የሚሉት የእኛ አባቶች ማራቶን ሳይሮጡ አውቀውታል።

እሑድ

መጀመሪያ ያሳሰበኝ እሑድ የሚለው ረድፍ ነበር። ኅብረታቸው አዳራሽ ተከራይቶ የሚያመልከው ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድማችን ጠዋት 19 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እርሷ ልጆቹን አልብሳ፣ የሰንበት ትምህርቱን ዕቃ ተሸክማ በአውቶቡስ ቀድማ ትሄዳለች። እርሱ ዘግይቶ ይደርስና ከኋላ ይቀመጣል። ኪቦርዱን አንድ ወጣት ተክቶታል። በዚያ እሑድ ባለቤቴ እየሰበከ ሳለ ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ እንቅልፍ ወስዶት አየሁት።

ማታ እራት ላይ አላስቻለኝም። ስለ ኤሪክ ሊድል አወራሁለት። ስኮትላንዳዊው ሯጭ እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ በእሑድ ቀን ስለነበረ አልሮጥም አለ። በምትኩ ለ400 ሜትር ተዘጋጅቶ በ47.6 ሰከንድ አሸነፈ። በማግስቱ ዓመት ሚስዮናዊ ሆኖ ወደ ቻይና ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 በጃፓኖች የእስረኞች ካምፕ ውስጥ አረፈ። ‹‹እርሱ ለኦሎምፒክ እንኳ እሑድን አልሰጠም›› ብዬ ጨረስኩ። ጥሩ ስብከት የሰበክሁ መስሎኝ ነበር።

ወንድማችን ምንም አልመለሰም። ‹‹ልክ ነዎት እትዬ›› ብሎ ሳህኖቹን አነሳና ማጠብ ጀመረ።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ገብቼ ብዙ ተምሬአለሁ። ያልጠየቅሁትን ሰው መልስ መስጠት እንደሌለብኝ ግን እስከዚያ ማታ ድረስ በቅጡ የተማርኩት አይመስለኝም።

ሁሉ ከተኛ በኋላ እርሷና እኔ ወጥ ቤት ቀረን። ፍሪጁ አጠገብ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦ ‹‹እትዬ፣ ወረቀቱን አይተውታል አይደል? የሚሮጥበት ተጽፏል፣ የሚያርፍበት ተጽፏል፣ የሚበላው እንኳ ተጽፏል። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ የለሁም።››

ከዚያም ነገረችኝ። ጥቅምት ላይ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን የልጁ እንቅስቃሴ ቆመ። ሆስፒታል ሄደው የልቡ ምት እንደሌለ ተነገራቸው። ወንድ ልጅ ነበር። ‹‹ቀብረነው ከመጣን ጀምሮ ስለ ልጁ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ያዘጋጀነውን አልጋ በሌሊት ፈታቶ ከተተው። ከዚያ የሩጫ ጫማ ገዛ። ሰው ‹ባልሽ እንዴት ጎበዝ ነው!› ይለኛል። እኔ ግን የሚሸሸው ከእኔ እንደሆነ ነው የማውቀው።››

ምን ልበላት? ‹‹አይዞሽ›› ማለት ቀላል ነው። አቀፍኋትና አብረን ጸለይን። በልቤ ግን ስለ ኤሪክ ሊድል ያወራሁት አፌ ውስጥ አመድ ሆነብኝ።

ሁለት ኪሎ ሜትር

ለባለቤቴ የሰማሁትን ነገርኩት። እርሱ ቃሉ ጥቂት ነው። ማክሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ የሰው ሹራብ ተውሶ ለበሰና ‹‹ዛሬ አብሬህ ልሩጥ›› ብሎት ወጡ። ሀምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ትንፋሹ ተቆረጠ። የቀረውን በእግራቸው ሄዱት።

ያን ጊዜ ወንድማችን አፉን ከፈተ። ‹‹ፓስተር፣ እኔ ቤት ውስጥ ካለቀስኩ እርሷ ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ውጭ ነው የማለቅሰው። ዝናብ ሲዘንብ ማን ያያል?›› አለው። የሚሮጥለትን ድርጅትም ነገረው፤ ልጆቻቸውን በማሕፀን ወይም ሲወለዱ ያጡ ወላጆችን የሚረዳ ነው። ገንዘቡን ከሥራ ባልደረቦቹ ሳንቲም በሳንቲም ያሰባስብ ነበር። ሚስቱ እንድታውቅ አልፈለገም፤ ቁስሏን የሚነካባት መስሎታል።

ባለቤቴ የመለሰለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹‹ይህን መስማት ያለብኝ እኔ አይደለሁም።››

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ ልጅ ለየብቻ ያለቅሳሉ። አንደኛው ለሌላው ሲል ዝም ይላል፤ ሌላዋ ያንን ዝምታ ‹‹አይመለከተውም›› ብላ ትተረጉመዋለች። እርሱ በሩጫ እርሷን የጠበቀ ይመስለዋል፤ እርሷ የተተወች ይመስላታል። ሁለቱም ጌታን ይወዳሉ፣ ሁለቱም ያገለግላሉ።

‹‹እንሩጥ››

በዚያ ሳምንት ወደ ጳውሎስ ደብዳቤዎች ተመለስኩ። ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥24-27 ስለ ሩጫ ሲጽፍ ለአንባቢዎቹ እንግዳ ነገር አልነገራቸውም። በቆሮንቶስ አጠገብ በኢስትምያ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ የስፖርት ውድድር ይደረግ ነበር። ጳውሎስ በከተማይቱ ለአንድ ዓመት ከስድስት ወር እንደ ተቀመጠ የሐዋርያት ሥራ 18፥11 ይነግረናል፤ ከነዚህ ውድድሮች አንዱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳይውል አልቀረም። የአሸናፊው ሽልማት ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነበር። በጥቂት ቀን የሚደርቅ አክሊል ለማግኘት እንዲህ ሰውነታቸውን የሚገዙ ከሆነ፣ ለማይጠፋው አክሊል የምንሮጥ እኛማ እንዴት? ነው የሐዋርያው ነገር።

ማራቶን ግን በጳውሎስ ዘመን አልነበረም። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ ነው፤ የዛሬው ርቀቱም እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ኦሎምፒክ የተሮጠው ነው። ስለዚህ ስለ ረጅም ሩጫ ስናስብ ይበልጥ የሚቀርበን ዕብራውያን 12፥1-2 ነው። ጸሐፊው ሸክምን አስወግደን በትዕግሥት እንድንሮጥ ይመክረናል። በግሪኩ ‹‹ትዕግሥት›› የሚለው ቃል ከሸክም በታች ጸንቶ መቆየትን ያመለክታል። ልብ በሉ፤ ቃሉ ለአንድ ሰው የተነገረ አይደለም፤ ‹‹ሩጥ›› ሳይሆን ‹‹እንሩጥ›› ነው። በብዙ ቁጥር ነው።

ስንት ትዳር ነው በነጠላ ቁጥር የሚሮጠው? አንዱ በሥራ ይሮጣል። አንዱ በትምህርት ይሮጣል። አንዱ፣ ይቅር በሉኝና፣ በአገልግሎት ይሮጣል፤ በሳምንት አምስት ቀን ፕሮግራም አለው፣ ሚስቱ ግን ወረቀቱ ላይ የለችም። ይህን የምጽፈው የመጋቢ ሚስት ሆኜ ነው፤ በቤታችን ፍሪጅ ላይ ወረቀት ባይኖርም የባለቤቴን አጀንዳ እያገላበጥሁ የራሴን ስም የፈለግሁባቸው ዓመታት ነበሩ። እኔም በበኩሌ የሴቶች ኅብረት መሪ በነበርኩበት ጊዜ እርሱ ማታ ማታ ብቻውን እራት በልቷል። ስለዚህ ወንዶችን ብቻ አልከስስም።

ከወረቀቱ የተማርኳቸው

አንደኛ፣ ማውራት በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ። ሯጭ ማውራት ሲያቅተው መፍጠኑን እንደሚያውቅ፣ ባልና ሚስትም ‹‹ለመነጋገር ጊዜ የለንም›› ሲሉ ኑሮው ከአቅማቸው በላይ ፈጥኗል ማለት ነው። ‹‹ሥራው ሲቀል እንነጋገራለን›› አትበሉ። ፍጥነቱን ቀንሱ።

ሁለተኛ፣ ዕረፍት የልምምዱ አካል ነው። ወረቀቱ ላይ ዕረፍት ባዶ ቦታ አይደለም፤ በቀለም ተጽፏል። አምላካችንም በሰባተኛው ቀን ያረፈው ደክሞት አይደለም። ለትዳራችሁ ዕረፍት በቀለም ጻፉለት፤ ካልተጻፈ ሌላው ሁሉ ይወስደዋል።

ሦስተኛ፣ ግድግዳው ሳይመጣ ስንቅ ያዙ። ሯጭ በ30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲዝል መብላት ቢጀምር ዘግይቷል። በሐዘን፣ በሕመም፣ ሥራ በማጣት ጊዜ የሚያቆመን አስቀድመን ያከማቸነው ነው፤ አብሮ መጸለይ፣ ይቅር መባባል፣ ትንሿን ነገር መነጋገር። በትንሹ መነጋገር ያልለመደ አፍ በትልቁ ቀን አይከፈትም።

አራተኛ፣ በጭብጨባ አትነሡ። ለሠርግና ለመልስ ስንት ወር እንዘጋጃለን! ለመኪናው፣ ለቬሎው፣ ለቪዲዮው። ያ ሁሉ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። ዳር ቆሞ የሚያጨበጭበው ሰው ሲሄድ 41 ኪሎ ሜትር ይቀራል።

ሰኞ

እኛ ሐሙስ ዕለት ወደ አገራችን ተመለስን። ከሁለት ሳምንት በኋላ እህታችን ደወለችልኝ። ሰኞ፣ በዕረፍቱ ቀን፣ ልጆቹን ከኅብረቱ አንዲት እህት ጋ ትተው ‹‹ትንሽ እንራመድ›› ብሏት ወደ መናፈሻ ወጡ። እዚያም ሁሉን ነገራት። ‹‹አልቅሳችሁ ታረቃችሁ?›› ብዬ ጠየቅኋት።

‹‹መጀመሪያ ተቆጣሁ እትዬ። አራት ወር ሙሉ ብቻዬን ያለቀስኩ መስሎኝ! አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ጮህኩበት። ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ዞረው አዩን። ከዚያ ነው ያለቀስነው።››

በአንድ ቀን ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ከቋንቋችን ተናጋሪ አንዲት የምክር አገልግሎት ከምትሰጥ እህት ጋር ለተወሰነ ጊዜ መነጋገር አስፈልጓቸዋል። ነገር ግን ወረቀቱ ተለወጠ። ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜ ንጋት አዛወረው፤ ከፊቱና ከኋላው ቀላል ቀን እስካለ ድረስ ረጅሙ ሩጫ በየትኛውም ቀን ቢሆን ግድ የለውም። ወደ ኪቦርዱም ተመለሰ። ሰኞ የሚለው ረድፍ ላይ ደግሞ ‹‹ዕረፍት›› ከሚለው ቀጥሎ በእጁ ጽሑፍ ‹‹ከእርሷ ጋር መራመድ›› ብሎ ጨመረ። ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ።

የሚያዝያ እሑድ

ውድድሩ ራሱ የሚካሄደው በእሑድ ቀን ነውና ‹‹ታዲያ ያቺስ እሑድ?›› ትሉኛላችሁ። ሮጠ። አስቀድሞ ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ባለፈችው እሑድም ጉባኤው ጸልዮለታል። እንደ ኤሪክ ሊድል ‹‹ኅሊናዬ አይፈቅድም›› የሚል ወንድም ቢኖር አከብረዋለሁ፤ ሮሜ 14፥5 ለሁለቱም ቦታ አለው። አንዲት እሑድን በምክክር መስጠትና 16 እሑዶችን በዝምታ መውሰድ ግን አንድ አይደሉም። ደግሞ ስለ ሊድል ያን ማታ ያልነገርኩትን ልጨምር። አብረውት የታሰሩ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ በካምፑ ውስጥ በእሑድ ቀን የልጆችን ጨዋታ አልዳኝም ብሎ ነበር። ልጆቹ ያለ ዳኛ ተጫውተው ሲጣሉ ባየ ጊዜ ግን በሚቀጥለው እሑድ ራሱ ወጥቶ ዳኘላቸው። ይህ ሰው እሑድን ያከበረው በፍቅር ነበር። እኔ ግን ግማሹን ታሪክ በትር አድርጌ ወንድሜን መታሁበት። በኋላ ስልክ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

በውድድሩ ዕለት እህታችን ከሁለቱ ልጆች ጋር ካናሪ ዋርፍ በሚባለው፣ ረጃጅም ሕንፃዎች ባሉበት ሰፈር ቆመች። 30ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ግድግዳው የሚመጣበት ቦታ። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት። ልጆቹ በካርቶን ላይ ‹‹አባዬ አይዞህ!›› ብለው በአማርኛ ጽፈዋል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ከመቶ ካርቶኖች መካከል፣ የራሱን ፊደል ለየ። በዚያን ሰዓት መሮጡን ትቶ በእግሩ እየሄደ ነበር። ወደ ዳር መጥቶ አቀፋት፤ እርሷም የተላጠ ብርቱካን በእጁ አስያዘችውና ‹‹በል ሂድ፣ መጨረሻው ላይ እንገናኝ›› አለችው።

በ4 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ጨረሰ። ቤት ሲገቡ ሜዳልያውን አንገቷ ላይ አጠለቀላት። አሁን ወረቀቱ ከፍሪጁ ላይ ወርዷል። ሰኞ ሰኞ ግን አሁንም ይራመዳሉ።

ለመሮጥ ለምታስቡ

‹‹መንፈሳዊ ሰው ስፖርት ምን ይሠራለታል?›› የሚሉ አሉ። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 4፥8 ሥጋን ማለማመድ ጥቂት ይጠቅማል ብሏል እንጂ አይጠቅምም አላለም። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በየቤታችን ባለበት ዘመን መንቀሳቀስ መልካም ነው። ለምትጀምሩ ግን ጥቂት ምክር፦

• በተለይ ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ ወይም ሕመም ያለባችሁ፣ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ። ማራቶንን ከባዶ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ በመራመድ፣ ቀጥሎ በ5 እና በ10 ኪሎ ሜትር።

• በጾም ጸሎት ቀን ረጅም ሩጫ አትሩጡ። ጾሙም ሩጫውም ይበላሻል፤ ሌላ ቀን አድርጉት።

• ፕሮግራሙን ስታወጡ ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። ልጆቹን ማን ይይዛል? ሚስትስ የራሷ ሰዓት መቼ ነው? የምትሮጠው ሚስት ከሆነችም፣ ባል ሆይ፣ ልጆቹን መያዝ ‹‹እርሷን መርዳት›› አይደለም፤ ልጆቹ ያንተም ናቸው።

• በሐዘን ላይ ያለ ሰው ሲሮጥ፣ ሲሠራ፣ ሲያገለግል ብታዩ ‹‹ጎበዝ›› ብላችሁ አትለፉት። አብራችሁት ሁለት ኪሎ ሜትር ሂዱ።

አብራችሁ ተነጋገሩበት

1. የእኛ ‹‹ፍሪጅ ላይ ያለ ወረቀት›› ምንድን ነው? ሥራ፣ ትምህርት፣ ስልክ ወይስ አገልግሎት? በውስጡ አንዳችን ለሌላችን የተጻፈ ቦታ አለን?

2. አንዳችን ሌላውን ‹‹ላለማሳዘን›› ብለን ዝም ያልንበት ነገር አለ?

3. በሚቀጥለው ሳምንት አብረን የምንራመድበት ቀን የትኛው ነው? አሁኑኑ ጻፉት።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነን ለየብቻችን የምናለቅስ አታድርገን። አፋችንን ክፈት፣ ጆሮአችንን ክፈት። ሩጫችንን እስክንጨርስ በአንተ ፊት አብረን አሩጠን። በኢየሱስ ስም። አሜን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁንና ትዳራችሁን ይባርክ።